ከእማማ ተሻለች የሚርቅ ቤት

ሰራዊት ለሰው የሚናገረው ምክንያት ልጆቹ ነበሩ። አሶሳ ሰፋች፣ ባጃጁ በዛ፣ ልጅ ማደግ ያለበት ትንሽ ከተማ ውስጥ ውኃ ዳር ነው ይላል። ስልኩ ላይ «ለቤተሰብ የሚመቹ የባሕር ዳርቻ ትንንሽ ከተሞች» የሚል ነገር ካየ ወዲህ ሌላ ወሬ አልነበረውም። አገሩ ባሕር እንደሌለው ሲነግሩት «በደንብ ፈልገን ነው?» ብሎ ይመልሳል።

እውነተኛው ምክንያት ግን እናቱ ነበሩ። እማማ ተሻለች በዚያው ግቢ፣ ከጓሮ ባለችው ክፍል ይኖራሉ። ሳያንኳኩ ይገባሉ። የሰው ወጥ ላይ ጨው ይጨምራሉ። ሰራዊት ከቢሮ፣ ሚስቱ ሕብረት ከፋርማሲዋ ሲመለሱ ሦስቱም ልጆች በልተው፣ ታጥበው፣ አያታቸው አልጋ ላይ ተኝተው ይገኛሉ። «ልጆቼ እናታቸው ማን እንደሆነች ረሱ» ትላለች ሕብረት።

በማንጎው ወቅት ቁርጡን ነገረችው። ክረምቱ ሳይወጣ ከእናቱ የራቀ ቤት ካላገኘላት ልጆቿን ይዛ ባምባሲ፣ አባቷ ቤት ትገባለች። ሕብረት ያለችውን የምታደርግ ሴት ናት። ሰራዊት እንቅልፍ አጣ። ሚስቱን ይወዳታል፤ እናቱን ደግሞ ይፈራል።

ስለዚህ ዋቅሹማ የሚባል ደላላ ተያዘ። ሰራዊት ያስጠነቀቀው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«እናቴ እንዳትሰማ።»

«ጌታዬ፣ ደላላ ምስጢር ካወጣ ምን ይበላል?» አለ ዋቅሹማ፣ በማያስቅ ነገር እየሳቀ።

መጀመሪያ ልጆቹን ለእማማ ተሻለች ትተው ወደ ድንበሯ ከተማ ኩርሙክ ሄዱ። ዋቅሹማ ካርታ ላይ ሰማያዊ መስመር አሳይቷቸው ነበር። መንገዱ አንጀታቸውን ሲንጠው ውሎ ሲደርሱ ሰማያዊው መስመር አሸዋ ሆኖ ተገኘ። ሻይ የምትሸጠው ዐርዋ ከት ብላ ሳቀች። «ወላሂ ባሕር የለም እዚህ። ሱዳን ነው ያለው» አለቻቸው። ቀጥለው የሄዱባት ሆሞሻ ላይ ውኃ አልጠፋም፤ ያለው ግን ፓምፑ ፊት በተሰለፉት ጀሪካኖች ውስጥ ነው። «ለቤተሰብ ግን ይመቻል» አለ ዋቅሹማ። ሕብረት ተመልሳ መኪና ውስጥ ገባች።

ይህ ሁሉ ሲሆን እማማ ተሻለችም አመላቸው ተለወጠ። ሰው ሲገባባቸው ስልክ መዝጋት ጀመሩ። ጸበል ልሂድ እያሉም ለቀናት መጥፋት አመጡ። በነዚያ ቀናት ሕብረት ፋርማሲዋን ዘግታ ልጆች ስትጠብቅ ትውልና ማታ ባሏ ላይ ትነሳለች። «ሰው ቤተሰቡን ጥሎ እንዲህ ይጠፋል?» ትለዋለች።

አንድ ቀን እራት ላይ እማማ ተሻለች ማንም ሳይጠይቃቸው ወሬ ጀመሩ።

«እኔን ደርግ ከወሎ ጭኖ ሲያመጣኝ፣ የት መኖር ትወጃለሽ ያለኝ ሰው የለም» አሉ። «እስከ ዛሬም የለም።»

ሰራዊት ያነሳውን ጉርሻ መልሶ አስቀመጠ። ሕብረት በጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጠችው።

«አውቀውብናል» አለችው ብቻቸውን ሲሆኑ። «አብሬያችሁ ካልሄድኩ ሊሉ ነው።»

በሳምንቱ ሰራዊት ምሳ ሰዓት ላይ ወደ ቤት ጎራ ሲል ዋቅሹማ ከእናቱ ክፍል ሲወጣ አየው። አጥሩ ጥግ ያዘው።

«ምን ነገርካት?»

«ስለ እናንተ? አንድም ቃል። ልጄ ይሙት።»

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ውኃ ጠምቶኝ ነው» አለና ሳቀ። «ይልቅ ቤት ተገኝቷል። የእውነት ውኃ ዳር።»

ሰላም ዳር ከግድቡ ሐይቅ አጠገብ የበቀለች መንደር ናት። ስሟን ያወጣላት ራሱ ዋቅሹማ ነው የሚሉ አሉ። ትምህርት ቤቱ «ይሠራል» ተብሏል፤ መብራቱም እንደዚያው። ውኃው ግን ዓይን እስኪደክም ድረስ ተዘርግቷል። ሕብረት ጫማዋን አውልቃ ገባችበት፤ ሰራዊት ከተጋቡ ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አይቷት አያውቅም።

«ይሄ ቀጥሎ ያለው ቤትስ?» ብላ ጠየቀች።

«ተይዟል። አንድ ዝምታ የሚወዱ ሰው ናቸው።»

«በጣም ጥሩ። እኛም ዝምታ ነው የምንፈልገው።»

ሰራዊት የሥራ ዝውውሩን በምስጢር ጨረሰ። ለእናቱ እውነቱን መናገር ግን አቃተው። ልጆቹን ይዘን ባምባሲ የሕብረትን አባት ለአንድ ሳምንት ልንጠይቅ ነው አላቸው።

«ሳምንት ምን አላት» አሉ እማማ ተሻለች። «ወርም ቆዩ።»

ሰራዊት የምሬት ንግግር መሰለው። ልጆቹን አንድ በአንድ ስመው ሲያለቅሱ ፊቱን አዞረ። እንደዚያ ቀን ራሱን ጠልቶ አያውቅም።

ባምባሲ ሰንብተው በአሶሳ በኩል ወደ ሰላም ዳር ጉዞ ቀጠሉ። ከተማው ውስጥ ሲያልፉ ትልቋ ልጅ ሕሊና «አያቴ ጋ እንግባ» ብላ አለቀሰች። ሰራዊት ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ። የባሕሩ ነገር ይሄን ያህል ማስከፈሉን ስልኩ ላይ ማንም አልጻፈለትም።

ሰላም ዳር ሲደርሱ ዋቅሹማ ቁልፉን ይዞ በር ላይ ቆሟል። በዚህ ጊዜ ግን አልሳቀም። ልጆቹ ከመኪናው ወርደው እየጮኹ ግቢውን ዞሩት።

በጩኸቱ የጎረቤቱ በር ተከፈተ። ልጆቹ «አያቴ» እያሉ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልከው ሄደው ከአያታቸው ቀሚስ ጋር ተጣበቁ። እማማ ተሻለች በልጆቹ ራስ በላይ ደላላውን ፈልገው አዩት።

«ዋቅሹማ» አሉ፣ «እነዚህ የማያገኙኝ ቦታ ፈልግልኝ ብዬህ አልነበር?»