በአይስክሬም እቃ ምሳ እያሞቅኩ ያበላኋት ልጅ

«ልጅሽን ከእኔ የደበቅሽው ምን በድዬሽ ነው?!»

በሯን እየደበደብኩ ነው እንዲህ ያልኩት...

የጎረቤቴን፣ የልብስ ሰፊዋን በር ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ግድግዳ ለግድግዳ ነን። እሷ ስታስነጥስ እኔ እዚህ ሆኜ «ይማርሽ» እላለሁ።

እሷ ሱቋ ውስጥ ስፌት መኪናዋ ላይ ተደፍታ ስትውል፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ልጇን ምሳ ያበላሁት እኔ ነኝ። ሰባት ዓመቷ ነው። ዝላይ ስለማታቆም ፌንጣ ነው የምላት።

መቼም እቃ መጣል አልወድም። የአይስክሬም፣ የቅቤ፣ የማር... ባዶውን ፕላስቲክ አጥቤ እደረድራለሁ። እንግዳ አይስክሬም መስሎት ፍሪጄን ሲከፍት የሚያገኘው የተከተፈ ሽንኩርት ነው። ይስቁብኛል፣ እኔም እስቃለሁ።

የፌንጣንም ምሳ በዚያው አስቀምጥና ስትመጣ ከነክዳኑ ማይክሮዌቭ ውስጥ ዶል!

አንድ ሰኞ ልጅቷ ቀረች። ማክሰኞም።

«ለጊዜው ሱቅ ይዣት ልዋል እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብላኝ አለፈች እናትየው።

ሐሙስ ደግሞ ጆንያ ሙሉ የፕላስቲክ እቃ ተሸክማ ወደ ቆሻሻ መጣያ ስትወርድ አየኋት። ጤነኛ እቃ እኮ ነው!

ልጅቷ በዚያ ሙቀት ትልቅ ሹራብ ለብሳ፣ ግድግዳ ታክካ ነው የምትሄደው። መዝለል የለ፣ መሳቅ የለ...

እኔ ደግሞ ዝም የምል ሴት አይደለሁም። ደረጃ ላይ ያገኘሁትን ሁሉ ያዝኩ።

«እናትየው ኮርታብናለች» አልኩ።

«ልጅቷን የሚተላለፍ ነገር ሳይዛት አይቀርም፣ ልጆቻችሁን ጠብቁ» አልኩ።

በዚህ አፌ...

ሳምንት ሳይሞላ ከልጅቷ ጋር የሚጫወት ጠፋ።

ይሄን ሁሉ አድርጌ ነው እንግዲህ፣ ተበዳይ ሆኜ በሯን የደበደብኩት።

ከፈተችልኝ። ዓይኗ አብጧል፣ ሜትሯ አንገቷ ላይ ነው።

«ይግቡ እትዬ። ድምፅዎን ብቻ ቀነስ ያድርጉልኝ፣ ተኝታለች።»

«በጠራራ ፀሐይ?»

«መርፌ ተወግታ ነው የመጣችው።»

ገባሁና ምን ሆና እንደሆነ ጠየቅኳት።

ለካ የልጅቷ ሰውነት ከዕድሜዋ ቀድሞ ሮጧል። በሰባት ዓመቷ የወር አበባ... ሹራቡ ከእፍረት ነው። መርፌው በየወሩ ነው፣ እድገቷን ያዝ ለማድረግ።

«ዶክተሩ ከምን መጣ አለሽ?»

ከቀሚሷ ላይ የሌለ ክር ትለቅማለች።

«ንገሪኝ እንጂ!»

«እንጃ እትዬ... እሱም በዚህ ነው ብሎ አልቆረጠልኝም። ብቻ ምግቧን በምን እንደምናሞቅ ጠየቀኝ። ፕላስቲክ ሲግል የሚለቀው ነገር የሰውነትን ሆርሞን ሊያደናግር ይችላል አለኝ። ትኩስ ነገር አትገልብጡበት፣ የተጫጫረውን ጣሉት፣ በብርጭቆ ወይ በብረት እቃ ተጠቀሙ አለኝ።»

ከዚያ በኋላ ያለችውን አልሰማሁም።

የታየኝ ቢጫው የአይስክሬም እቃዬ ነው። ከብዙ መሞቅ የተነሳ ጠርዙ የተጣመመው... «ትኩስ ትኩሱን ብዪ የኔ ፌንጣ» እያልኩ የማቀርብበት።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም? ስምሽን በየደረጃው ሳጠፋ እየሰማሽ?»

«ሰምቻለሁ። ግድግዳው ስስ ነው።»

«እና?»

«ከዶክተሩ የመጣሁ ቀን ልነግርዎ በርዎ ላይ ቆሜ ነበር። ምሳዋን እየሠሩ ሲያንጎራጉሩላት ሰማሁ... አሁን ብነግርዎ፣ እርግጠኛ ባልሆንኩበት ነገር ዕድሜ ልክዎን ራስዎን ይበላሉ አልኩ። እኔን ይሙኝ፣ እሱ ይሻላል አልኩ።»

የምቀመጥበት ጠፋኝ።

እኔ በማላውቀው ነገር ሳማት፣ እሷ በማታውቀው ነገር እንዳልጎዳ ትሸፍነኝ ነበር...

በማግስቱ ያማሁባቸውን በሮች አንድ በአንድ አንኳኳሁ። «ዋሽቻለሁ» አልኩ። አንዳንዱ ልጁን መለሰላት፣ አንዳንዱ በሩን ዘጋብኝ።

ፌንጣ እኔ ቤት መምጣት ጀምራለች። ምሳዋን በብረት ድስት ነው የማሞቀው። ይሆን? አይሆን? በእኔ እቃ ነው? አይደለም? ማንም አይነግረኝም። ምድጃው ፊት ቆሜ ራሴን ስጠይቅ ምሳው ያርርብኛል።

ትናንት ማንኪያዋን አስቀምጣ አየችኝ።

«እትዬ... እኔ ትልቅ ሰው ሆንኩ እንዴ?»

«አልሆንሽም የኔ እናት። ገና ልጅ ነሽ።»

በእሺታ አንገቷን ነቀነቀች። ግን እንዳላመነችኝ አየሁ።

ወገኖቼ... እኔ ብዙ የተማርኩ ሴት አይደለሁም፣ የገባኝን ልንገራችሁ። ለልጆቻችሁ የምታሞቁበትን እቃ ዛሬውኑ እዩት። የጎረቤታችሁን በር ተዘግቶ ስታዩ ደግሞ፣ ከማማታችሁ በፊት ገብታችሁ ጠይቁ። በፍቅር ያደረጋችሁት ነገር ሁሉ ደግ ነገር ነው ብላችሁም አትተኙ።

እናንተ በልብስ ሰፊዋ ቦታ ብትሆኑ እውነቱን ትነግሩኝ ነበር... ወይስ እንደሷ እየታማችሁ ዝም ትሉ ነበር? እስኪ ከልባችሁ ጻፉልኝ።