የሰባት ቀን ዕርቅ

የቢቸናው ወልደ ኪዳን አንገቱ ላይ እንቅርት ካወጣ ሃያ ዓመት ሆኖታል። ልጁ አካለ ወልድ ከተገደለበት ደግሞ ዘጠኝ ዓመት። እንቅርቱን ለምዶታል።

ገዳዩ ፋንታ የሚባል የሞጣ ሰው ነው። ቢቸና ገበያ በአንድ በሬ ተጣልተው ልጁን በጥይት ጣለው፤ ጥቂት ታስሮም ወጣ። በዓመቱ የፋንታ ታናሽ ወንድም ከጥሻ በተተኮሰ ጥይት ወደቀ። ወልደ ኪዳን ሲጠየቅ እኔ ነኝም፣ አይደለሁምም አላለ። ሰው ሁሉ፣ አሁንስ ተካክላችኋል አለ። እሱ ግን ወንድም የልጅ ምትክ አይሆንም ባይ ነበር። ከዚያ ቀበሌው ጠመንጃውን ወሰደበት። እጁ ባዶ ቀረ፤ ዕድሜውም ሄደ።

አብዮቱ አሥር ዓመት በሞላበት ዓመት እንቅርቱ ትንፋሽ ይከለክለው ጀመር። ከጤና ጣቢያ ወረቀት ጽፈው አዲስ አበባ ላኩት። አዮዲን ያለበትን መድኃኒት ከወር በፊት ተው አሉት፤ ተወ። በቀጠሮው ቀን እህል ሳትቀምስ ና አሉት፤ ለጾመኛ ይህ ቀላል ነው።

ነርሷ ሰብለ ወንጌል ትባላለች። መድኃኒቱ ከባሕር ማዶ በአውሮፕላን እንደሚመጣ፣ ኃይሉ ቶሎ ስለሚደክም በሽተኛውን ሁሉ በአንድ ሳምንት እንደሚጠሩ አጫወተችው። ትናንትም ዛሬም ጎጃም አንገቱን ይዞ ገባብን ብላ ሳቀች። ከዚያ በትንሽ ኩባያ ውኃ የመሰለ ነገር አጠጣችው። ጣዕም የለውም።

«አባቴ፣ ይሄ ጨረር ያለው ነው። ሰባት ቀን ሕፃን እንዳያቅፉ። እርጉዝ አጠገብ እንዳይቀመጡ። ከሌላውም ሰው ራቅ ይበሉ።»

ወልደ ኪዳን ጨረር ሲባል የሚያውቀው የፀሐይን ነው።

«ብጠጋውስ?»

«ይጎዱታላ።»

«እኔንስ?»

«ለእርስዎ ምርመራ ነው። ጥንቃቄው ላልጠጣው ነው።»

ምን ያህል ልራቅ ብሎ ጠየቀ። ሁለት ክንድ አለችው። በክንዱ ለካው።

ኮሶ የጠጣ ሰው ጓዳ የሚደበቀው ሰው እንዳይጎዳው ነው። ይህ መድኃኒት ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ የጠጣው ነው ሰውን የሚጎዳው። ወልደ ኪዳን ነገሩን እንዲህ ተረዳው።

በማግሥቱ አልጋ ላይ አጋድመው ትልቅ ብረት አንገቱ ላይ ደፉበት። አትነቃነቅ አሉት። ድንጋይ ሆኖ ተኛ። ብረቱ ቲክ ቲክ እያለ በወረቀት ላይ ነጠብጣብ ዘራ፤ ጤፍ የተበተነ ይመስላል። ሐኪሙ ምን እንደታየ ሊነግረው ሲጀምር፣ ወልደ ኪዳን አምስት ቀን እንደቀረው እየቆጠረ ነበር።

ቢቸና ሲደርስ ቤቱ አልገባም። ልጁ ባንቺዓለም እርጉዝ ናት። ከአጥር ውጭ ቆሞ ከፋንታ ጋር ልታረቅ ወደ ሞጣ መሄዴ ነው አላት። አለቀሰች፤ ከደስታ ነው።

የንስሐ አባቱን አባ ሣህለ ማርያምን ይዞ ተነሣ። እሳቸውን ከጭነት መኪናው ሹፌር አጠገብ አስቀመጠና እሱ ከኋላ ከእህሉ ጆንያ ላይ ብቻውን ወጣ። የሚጠላው አንድ ሰው ነው፤ ለሌላው እንዲተርፍ አልፈለገም።

ፋንታ ወንድሙ ከወደቀ ወዲህ ሽማግሌ ከደጅ ሲመልስ የኖረ ነው። አሁን ግን ቄሱ ተናግረው ሳይጨርሱ ተቀበላቸው።

«ዛሬውኑ ይግባ። ውሎ ሲያድር ኃይሉ ይደክማል» አለ፤ «የዕርቁ ማለቴ ነው።»

ተቃቀፉ። ወልደ ኪዳን እጁን አላላላም። ፋንታም አላላላም። አባ ሣህለ ማርያም እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

ፋንታ ሦስት ቀን አብረን ካልበላንና ካልጠጣን ዕርቅ አይባልም አለ። ወልደ ኪዳን ቆጠረ፤ የቀረው ያው ሦስት ቀን ነበር። ሊመርዘኝ ነው ብሎም ጠረጠረ። ግን ፋንታ ሳይጠየቅ ከጠላውም ከወጡም ራሱ እየቀመሰ ይሰጠው ነበር።

ቤቱ ውስጥ ልጅ የለም። ፋንታ የልጅ ልጆቹን ወደ ግንደወይን ዘመድ ጋ ልኳቸዋል። ወልደ ኪዳን ደስ አለው፤ ልጅ ላይ ቂም የለውም። የፋንታ ሚስት ይርጋነሽ ደግሞ መሶቡን ከደፍ ላይ አኑራ ትመለሳለች እንጂ አትገባም። የዋርሳዋ ደም ከነከናት ብሎ አለፈው።

አንድ መደብ ላይ ጉልበት ለጉልበት ገጥመው ይውላሉ።

«ጠጋ በል ወልዴ፤ እንግዳ አይራቅም።»

«ከዚህ በላይማ ጭንህ ላይ መውጣቴ ነው።»

«ውጣ፤ ማን ከለከለህ?»

በሦስተኛው ቀን፣ ቀትር ላይ፣ ፋንታ ጋቢውን እስከ አገጩ ተከናነበ። እህልም እምቢ አለው። ያዘው፣ አለ ወልደ ኪዳን በሆዱ። አካለ ወልድን አሰበ፤ ዘጠኝ ዓመት የታፈነ ትንፋሽ ከደረቱ ወጣ።

ፋንታም እሱን ትኩር ብሎ ያየዋል።

«ምነው ከሳህ ወልዴ? ዓይንህም ገባ» አለው። ድምፁ የተጨነቀ ሰው ድምፅ አይደለም።

ሲመሻሽ አባ ሣህለ ማርያም ካረፉበት ቤት ሊያሰናብቱ መጡ። ሁለቱን ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ሲያዩ ምስጋና አደረሱ። ይርጋነሽን ግን ከደጅ ቆማ አገኟት። ዕርቅ ወርዶ አንቺ ምነው ራቅሽ ብለው ገሠጿት።

«እኔ ምን ላድርግ አባ፤ አዲስ አበባ ሄዶ ለአንገቱ ያንን ውኃ ከጠጣ ወዲህ፣ አትጠጊኝ ያለኝ ራሱ ፋንታ ነው።»