ለአመዳይ የተነጠፈ ብርድ ልብስ

ልጄ ሉሉ ስትንቀጠቀጥ ጉልበቷ ሆዴን መታኝና ነቃሁ። በእጄ ስዳብስ ብርድ ልብሱ የለም። ከእግራችን ሥር ፈለግሁ፣ ከራስጌያችን ፈለግሁ፤ የለም። የባሌ፣ የላቀው፣ መኝታም ባዶ ነው። መጀመሪያ ሌባ ገብቶ ባሌን ከነብርድ ልብሱ የወሰደው መሰለኝ፤ ከዚያ ግን ከደጅ የወንዶች ሳቅ ሰማሁ።

ነጠላዬን ለልጄ ደርቤላት በቀሚሴ ብቻ ወጣሁ። ሊነጋጋ ነው። ሲነፍስ ያደረው ነፋስ ቆሟል፤ ብርዱ ግን አጥንት ይሰብራል። የብርድ ማኅበርተኞቹ ከጎጆው ፈንጠር ብለው ተሰብስበዋል።

ማኅበርተኞች ብዬ የምጠራቸው እኔ ነኝ። ከጃናሞራ አብረውን የተሰደዱ ወንዶች ናቸው፤ ላቀው፣ ሽማግሌው አባ ጋረደው፣ ደሴና ሌሎችም። ይህ የሱዳን የገዳሪፍ ሜዳ ዘንድሮ ያለወትሮው በኅዳር መቀዝቀዝ ከጀመረ ወዲህ ሌላ ሥራ የላቸውም። ጠዋት ጠዋት እፍ እያሉ ትንፋሻቸው ይጨስ እንደሆነ ያያሉ። ከሐኪሞቹ ድንኳን ደጅ የተሰቀለውን የሙቀት መለኪያ ሄደው አይተው፣ "ቀዩ ክር ዛሬም ወርዷል" እየተባባሉ ይመለሳሉ። የሚጠብቁት አመዳይ ነው። እንደ አገራችን ተራራ ምድሩ ነጭ በነጭ ይሆናል፣ ትንኙ ያልቃል፣ ንዳዱ ይጠፋል ይላሉ። ላም አለኝ በሰማይ።

ተስፋ ማድረጋቸውን አልጠላሁባቸውም። ደስታቸው ነው ያንገሸገሸኝ። ብርዱ ከገባ ወዲህ በየጠዋቱ ከስደተኛው ሰፈር የሚወጣው ሬሳ በዝቷል፤ አብዛኛውም ልጅ ነው። ትናንት የጎረቤታችንን የቱርካን ልጅ ቀብረን ስንመለስ፣ እነዚሁ ሰዎች ለቅሶ ላይ ተቀምጠው፣ "ነገ ከዛሬ ይብሳል" እያሉ እጃቸውን ያፋትጉ ነበር። ቱርካ እየሰማች። እህል ባፌ የዞረ ቢሆን ኖሮ ያኔ አስመልስ ነበር።

ሉሉ ገና ከኩፍኝ ማገገሟ ነው፤ ሳሉ አልለቀቃትም። ብርድ ልብሱን የሰጠን ክሊኒኩ ውስጥ የሚሠራው አብዱልናስር ነው፤ እዚሁ ገዳሪፍ የተወለደ የአገራችን ሰው ልጅ። "ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ ብርድ እንዳይነካት" አለኝ። "ከነካት ኻላስ፣ አበቃ፤ እኔም መድኃኒት የለኝ። ይህ ባጣኒያ የመጨረሻው ነው፤ ሌላ የለም።" ላቀው አጠገቤ ቆሞ ሰምቷል።

"ብርድ ልብሱ የታለ?" አልኩት።

ላቀው ዞር አለ። እንዲህ ፊቱ የበራው ሉሉ የተወለደች ዕለት ነበር። "ነይ፣ ነይ እዪው" አለኝ።

ወንዶቹ ክብ ሠርተው ከቆሙበት መሃል፣ መሬት ላይ ተነጥፏል። ነፋስ እንዳይወስደው በየማዕዘኑ ድንጋይ ጭነውበታል። ወዲያው ገባኝ። አገራችን አመዳይ መውረዱን ለማወቅ ማታ ጥቁር በርኖስ ደጅ ይነጠፋል፤ ሌሊት የወረደው ጠዋት ከጥቁሩ ላይ ይታያል። እዚህ በርኖስ ያለው የለም፤ የነበረውም በመንገድ ሸጦ በልቶታል። ጠቆር ያለ ጨርቅ የተገኘው ከልጄ ላይ ነው።

"ከልጅህ ላይ ገፈህ?"

"እንቅልፍ ወስዷት ነበር እኮ" አለ። "ደግሞ አመዳይ አሳየኝ ያለችኝ እሷው ናት።"

"ተዪው እስቲ፣ ልጄ" አሉ አባ ጋረደው። "ወርዷል። እዪው፣ አገራችንን ነው የሚመስል።" ዕንባቸው በጢማቸው ላይ ይወርዳል።

እውነትም ነጭ ነው። ብርድ ልብሱ ከዳር እስከ ዳር ስስ ነጭ ለብሷል። አልዋሽም፣ ለአንድ አፍታ የእኔም ልብ አገሩ ደርሶ ተመለሰ። ተንበርክኬ ዳሰስኩት። አይቀዘቅዝም። ደረቅ ነው፤ በጣቶቼ መሃል እንደ ዱቄት ላመ፣ የተሰነጠቀ ጣቴንም አቃጠለኝ።

ይህን ዱቄት አውቀዋለሁ። ትናንት በቱርካ ልጅ ላይ ሲነሰንሱት ቆሜ አይቻለሁ። ጉድጓዱ የብዙ ሰው ስለሆነ እስኪሞላ አይደፈንም፤ እንዳይሸትና ዝንብ እንዳይሰፍርበት ኖራ ይበትኑበታል። ነፋሱ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ከመቃብሩ በኩል ሲነፍስ ነው ያደረው።

ይህን ጨርቅ ከእንግዲህ በልጄ ላይ እንዴት አድርጌ እጥለዋለሁ? ሳልጥለውስ ዛሬ እንዴት ታድራለች? ቀና ስል ላቀው ከነጩ በመዳፉ ጠርጎ ወደ ጎጆው መንገድ ጀምሯል።

"ወዴት ነው?"

"ሳይቀልጥ ላቅምሳት። ቃል ገብቼላታለሁ።"

ሮጬ ከበሩ ላይ ቆምኩበት። እጁን ልመታው ቃጣሁና ተውኩት። በዚያች ሰዓት እሱን ከመንካት እባብ መንካት ይሻለኝ ነበር።

"ያዘው" አልኩት። "እስኪቀልጥ ያዘው። ከቀለጠ አቅምሳት።"

ሳቀብኝና መዳፉን ዘረጋ። ቆየ። ትንፋሹን እፍ አለበት፤ ነጩ ቦነነ እንጂ አልቀለጠም። ከኋላው አባ ጋረደው ጎንበስ ብለው ብርድ ልብሱን በጣታቸው ነኩ፣ አሸተቱት፣ ከዚያም ወደ መቃብሩ ዞረው አማተቡ። ሌሎቹ ሳቃቸውን አቆሙ።

ከውስጥ ሉሉ ሳለች፤ ረጅም ሳል። "አባ፣ መጣ?" አለች።

ፀሐይዋ ወጥታ እጁ ላይ አረፈች። ላቀው አልጨበጠውም፣ አላራገፈውም። መዳፉን እንደዘረጋ በሩ ላይ ቆሟል።