የዘቢደር ሳቅ

«ቁሙ፣ ቁሙ! ይሄ ሳቅ አይደለም፤ ሳል ነው!» አለ አዘጋጁ አምሃ እያጨበጨበ።

በርጩማው ላይ የተቀመጠችው ዳርቱ አንገቷን ደፋች። ከኋላዋ ቆማ ሹሩባ የምትሠራት ናዲያ ግን ዝም አላለችም። «ታዲያ ምን ብዬ ላስቃት? በጆሮዋ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እኮ ነው የምላት!»

ፊት ለፊት የተቀመጠችው ሰገነት ሳቋን ዋጠች። ወሰን ሰፈር የሚገኘው ይህ አዳራሽ ከጋራዥ ጋር ጀርባ ለጀርባ ስለሆነ ልምምዱ ሁሉ በመዶሻ የታጀበ ነበር። እሷ ግን የመጣችው ሌላ ድምፅ ፍለጋ ነው።

ድሮ ሰው ተጋፍቶ ያየው «ሁለት በር» የተሰኘው ቴአትር የሁለት ጎረቤታሞች ታሪክ ነው። መጨረሻው ላይ አንዷ ላትመለስ ርቃ ልትሄድ ስትል፣ ሌላዋ ጸጉሯን እየሠራች ጎንበስ ብላ በጆሮዋ የሆነ ነገር ትላታለች። ሂያጇም እያለቀሰች በሳቅ ትፈነዳለች። በጆሮ የምትናገረው ሰገነት ነበረች፤ የምትስቀው ዘቢደር። ዘቢደር ሞታ እንጦጦ ማርያም ከተቀበረች ዓመታት አልፈዋል። አምሃ «ቴአትሩን እንደገና ልናሳየው ነው፤ ያማክሩን» ብሎ ሲደውል ሰገነት እሺ ያለችው ያንን ሳቅ ከማንም ጉሮሮ ቢሆን አንዴ ለመስማት ነው። ይህን ለማንም አልተነፈሰችም፤ ጃጀች እንዳትባል።

«እትዬ ሰገነት፣ እባክዎ ይገላግሉን» አለ አምሃ። «የድሮውን ቪዲዮ ደጋግሜ አየሁት፤ ከንፈርዎ ይንቀሳቀሳል እንጂ አይሰማም። ጽሑፉም ላይ የለም። ምን ብለዋት ነው? ቅዳሜ እኮ መክፈቻችን ነው!»

«የቱን ቀን?»

«እንዴት የቱን ቀን?»

«በየቀኑ ሌላ ነዋ! ዘቢደር ማልቀሱን ትችልበታለች፤ የውሸት ሳቅ ግን ሞታም አይወጣላት። ስለዚህ ከጠዋት ጀምሬ የሚያስቃትን ነገር ሳድን እውላለሁ። ከጎረቤት፣ ከታክሲ፣ አንዳንዴማ ይቅር ይበለኝ ከለቅሶ ቤት። መድረክ ላይ ሳንደርስ ንገሪኝ ብትል፣ ብትለምን፣ ወይ ፍንክች!»

ያልነገረቻቸው ግን ልማዱ እስከ ዛሬ እንዳልለቀቃት ነው። አሁንም የሚያስቅ ነገር ስታይ «ይሄስ ለዘቢደር ነው» ትላለች፤ ከዚያ ትዝ ይላትና ምላሷ ላይ ይቀራል። እንዴት እንደናፈቀቻት!

«እስቲ ዞር በይልኝ፣ የኔ ልጅ» ብላ በናዲያ ቦታ ቆመች። የዳርቱን ጸጉር ሦስት ቦታ ከፍላ ሁለት ሦስቴ ጎነጎነችና ጎንበስ አለች።

«ስሚ አንቺ» አለቻት በጆሮዋ። «ዛሬ ከመገናኛ ስመጣ ታክሲ ውስጥ አንዱ ሰውዬ አፍጦ ያየኛል። ‹እናቴ፣ እርስዎንማ አውቅዎታለሁ!› አለኝ። እኔ ደስ ብሎኝ ነጠላዬን አስተካከልኩ። ‹ካራ ሰፈር ሥጋ ቤቱ ውስጥ ሒሳብ የሚቀበሉት አይደሉም?› አይለኝ መሰለሽ! ምን ላርግ፣ አዎ አልኩት። ‹የበቀደሙ ሥጋ ሁሉ ጅማት ነበር› እያለ እስክወርድ ጨቀጨቀኝ።»

ዳርቱ ሆዷን ይዛ በሳቅ ፈነዳች። ምንም ያልሰማችው ናዲያም አብራት ሳቀች። አምሃ «ይኸው! ይኸው!» እያለ ዘለለ።

የእውነት ሳቅ ነበር። ቀጭን፣ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ የሚያምር የልጅ ሳቅ። የዘቢደር ግን ከሆዷ የሚወጣ፣ ጎርናና፣ መጨረሻው ላይ የሚያፏጭ ነበር።

ያኔ ስቃ ስቃ ሲወጣላት፣ መጋረጃው ሊዘጋ ሲል፣ ዘቢደርም በተራዋ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ አንድ ነገር ትመልስላት ነበር። ይህን ቪዲዮው አልያዘውም፤ ተመልካቹም አያውቀውም።

«በቃ እትዬ፣ አገኘነው! ይቀመጡ፣ እንዳይደክምዎ» አለ አምሃ።

ሰገነት ቀና አላለችም። የተጎነጎነውን ጸጉር እንደያዘች፣ ጆሮዋን ወደ ልጅቷ ከንፈር አስጠግታ መልሱን ጠበቀች።