ለከተማው የተሰጠች ሰዓት

በዚያ ዘመን ማስታወቂያ በዓይን አይታይም ነበር። አንድ ሰው የገዛ ትዝታውን ይሰጣል፤ የከተማው ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ በልቡ ይሰማዋል። ለሰጪው ግን ትዝታው ተመልሶ አይመጣም።

ድሬዳዋ ውስጥ ለወላዶች የሚሰጥ ደም ባለቀ ጊዜ ሦስት ማስታወቂያዎች ቢሠሩም ደም ለመስጠት ማንም አልተነሣም። የማስታወቂያ ባለሙያዋ ትርሲት ከስምንት ዓመት በፊት ስትወልድ ብዙ ደም ፈስሷት፣ በሰው ደም ነበር የተረፈችው። ልጇን ሐመልማልን መጀመሪያ ያቀፈችባትን ያቺን ሰዓት ለአራተኛው ማስታወቂያ ሰጠች።

ማስታወቂያው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ተለቀቀ። ከዚራ ሰፈር ውስጥ ባጃጆች ቀጥ አሉ። ወልደው የማያውቁ አንድ ሽማግሌ ባዶ ክንዳቸውን አቅፈው አለቀሱ። እኩለ ቀን ሳይሞላ የደም ለጋሾች ሰልፍ ከደም ባንኩ ተነሥቶ ባቡር ጣቢያው ደረሰ።

ትርሲት ቤቷ ስትገባ ሐመልማል ሮጣ ተጠመጠመችባት።

«እማዬ፣ ክፍል ውስጥ ሁላችንም አለቀስን! ሕፃኗ እኔ ነኝ አይደል?»

«አዎ የኔ እናት፤ አንቺ ነሽ አሉኝ።»

«አሉኝ?»

ትርሲት ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የአራስነት ፎቶዋን ቀና ብላ አየችው፤ የጎረቤት ፎቶ መሰላት።

 ልጅቷ የእናቷን እጅ ይዛ ሶፋው ላይ አስቀመጠቻት።

«ልንገርሽ፤ ትዝታሽ እኔ ጋ አለ» አለቻት። «መጀመሪያ የምትሞቺ መስሎሽ በጣም ፈርተሽ ነበር። ደረትሽ ላይ ሲያስቀምጡኝ ግን ሙቀቴ ተሰማሽ፣ ፍርሃቱም ጠፋ።»

ትርሲት የልጇን ፊት ትኩር ብላ አየች።

«ከዚያስ?» አለች።