ትከሻው ላይ ያለው እጅ

የሞተ ሰው ከፎቶ ላይ የሚጠፋበት ዘመን ነው። ነፍሱ ስትወጣ መልኩም ከየግድግዳው፣ ከየስልኩ አብሮ ይሄዳል። እትዬ ዘርፌ ደሴ ከተማ ወዳለው ፎቶ ቤቴ ይዘውት በመጡት የሠርጋቸው ፎቶ ላይም የቀሩት እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ ከባዶ ወንበር አጠገብ ቆመው፣ ቀኝ እጃቸውን አየር ላይ አሳርፈው።

"እንደዚሁ አድርገህ አንሳን፤ ጥቁርና ነጭ፣ ሐይቅ በተሳለበት መጋረጃ ፊት" አሉኝ።

ልጃቸው ይትባረክ የአባቱን ኮት ለብሶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

"ፈገግታ የለም እንግዲህ! ያኔ ፎቶ ላይ አይሳቅም ነበር" አልኩት።

"አባባም አልሳቀም?" ሲል እናቱን ጠየቃቸው።

ፎቶውን ትኩር ብለው አዩት። "እኔንጃ ልጄ... ጠፋኝ።"

ትከሻውን ሲይዙት እጃቸው ፎቶው ላይ ካለው ዝቅ አለ፤ የይትባረክ ቁመት የአባቱን አያክልም። ትራስ አምጥቼ ከፍ አደረግኩት። እጃቸው የድሮ ቦታውን ሲያገኝ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"እዚህ ጋ ነበር። ተመስገን።"

ላነሳ ስል ግን ኮቱን ጭምድድ አድርገው ያዙት።

"እትዬ፣ ለቀቅ ያድርጉት፤ ኮቱ ተጨማደደ።"

"ተወው። እኔ ስሄድ እጄ ይጠፋል፤ ጭምድዱ ግን ልጄ ኮት ላይ ይቀራል።"

ይትባረክ እጁን አንስቶ እጃቸው ላይ ደረበ። ያኔ እንዲህ ሆኖ የሚነሳ አልነበረም። እንዳላየሁ ሆኜ አነሳኋቸው።