ፓስፖርቱን ክፈተው

«ዘርዓ፣ ከኋላህ ናቸው። ፓስፖርቱን ክፈተው።»

የአባቴ ስልክ ስፒከር ላይ ነው። የደወለው ጓደኛው ጋሼ ዳኛቸው ነው፤ ፌርፋክስ ጎዳና፣ ምግብ ቤት በር ላይ ቆሞ ስናልፍ አይቶናል። ዞር ስል የፖሊስ መኪና ቀይና ሰማያዊ መብራቱን እያበራ ከኋላችን ተጠግቷል። አባቴ ፍሬቻ አሳይቶ ቀስ ብሎ ዳር ይይዛል።

ፓስፖርት ከተባለ ፓስፖርት ነው ብዬ ከጉልበቴ ፊት ያለውን መሳቢያ ከፍቼ መፈለግ እጀምራለሁ። የኢንሹራንስ ወረቀት። የፀሐይ መነጽር። ቀለም ያለቀበት እስክሪብቶ። የፖሊሱ መኪና በር ሲዘጋ ይሰማኛል፤ እኔ አሁንም እስከ ክርኔ መሳቢያው ውስጥ ነኝ።

«እጅሽን አውጪ» ይላል አባቴ። አይጮህም። በዚህ ድምፅ አናግሮኝ አያውቅም። «ትርሲት። እጅሽን ጉልበትሽ ላይ።»

አወጣለሁ። እሱ የጋሼ ዳኛቸው ጥሪ ሲቋረጥ ስልኩ ላይ የቀጠለውን የአገር ቤት ፖለቲካ ክርክር ያጠፋና ሬዲዮኑን ይከፍታል። ክላሲክ ሮክ። ያደግሁበት ጣቢያ ነው። ድምፁን ከፍ ያደርገዋል፣ በጣም ግን አይደለም። ከዚያ መስኮቱን አውርዶ ሁለት እጁን መሪው ላይ ያስቀምጣል።

ፓስፖርቱ ይህ ሙዚቃ እንደሆነ የሚገባኝ ያኔ ነው።

ፖሊሱ ሃምሳን ያለፈ ነጭ ነው። አንድ እጁ ወገቡ ላይ ሆኖ ይመጣል፤ መስኮቱ ጋ ሲደርስ ሙዚቃውን ሰምቶ ፊቱ ይላላል፣ እጁም ከወገቡ ይወርዳል። አንዱ የኋላ መብራታችን እንደማይሠራ ይነግረናል። ቀጥሎ አባቴን ይህን ባንድ በአካል አይተኸው ታውቃለህ ይለዋል። አባቴ አዎ፣ ሰማንያ ዘጠኝ ላይ፣ ስታዲየም ውስጥ ይለዋል። በፈረንጆቹ ሰማንያ ዘጠኝ አባቴ ገዳሪፍ፣ ስደተኞች ካምፕ ውስጥ ነበር።

ፖሊሱ የኋላ ወንበር ላይ የተጋደመውን የጊታር ሣጥን አይቶ የማን እንደሆነ ይጠይቃል። የኔ ነው እላለሁ። ከሰዓት በርባንክ ከተማ ውስጥ ከባንዷ ጋር የመጀመሪያ ኮንሰርቷ ነው፣ እዚያ እየወሰድኳት ነው ብሎ አባቴ ይጨምርለታል፣ በኩራት፣ ወይም ኩራት በሚመስል ነገር። መለየት አልችልም። ፖሊሱ የመኪናችንን ጣሪያ በሙዚቃው ምት መታ መታ ያደርጋል። አባትሽ በደንብ አሳድጎሻል ይለኛል። መብራቱን አሠሩት ብሎ ይሄዳል።

አባቴ መሪውን ሲለቅ ጣቶቹ ያረፉበት ቦታ እርጥብ ነው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» እለዋለሁ።

የሚመልስልኝ ኦሎምፒክ ጎዳናን ከተሻገርን በኋላ ነው፤ ሲናገር የሚያየው መንገዱን ነው። ታክሲ በሚነዳበት ዘመን፣ ዌስትቼስተር፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ተራ የሚጠብቁበት ቦታ ነበረ። አብሯቸው የሚነዳውን ሀብተሥላሴን አንድ ቀን ፖሊስ ከመኪናው አውጥቶ አስፋልት ላይ በሆዱ አስተኛው። የሚፈልጉት ሌላ ጥቁር ነበር። ኢትዮጵያዊ ነኝ፣ ኢትዮጵያዊ ነኝ ይላል፣ ማን ይሰማዋል። በሳምንቱ ደግሞ ጋሼ ዳኛቸውን አስቆሙት፤ ተሳፋሪ የቀየረበት የሮክ ጣቢያ እንደተከፈተ ነበርና ፖሊሱ አብሮ ዘፈነ። በማግሥቱ ሾፌሩ ሁሉ ሬዲዮኑን ቀየረ። ፓስፖርት የሚለውን ስምም ያኔ አወጡለት።

«ኢትዮጵያዊ ባይሆንስ?» እላለሁ። «አስፋልት ላይ መተኛት ነበረበት?»

ያኔ የተማርኩትን እዘረግፍበታለሁ። ይህን ሙዚቃ የፈጠሩት ጥቁሮች ናቸው፣ ነጮቹ ወስደው ስም አወጡለት፣ ያ ሰውዬ ጣሪያችን ላይ የመታው ምት እንኳ የሱ አይደለም። ዩኒቨርሲቲ ሰማንያ ገጽ ጽፌበታለሁ።

«ኦኬ» ይላል አባቴ። «ለምን ለሱ አልነገርሽውም?»

ዞር ብዬ የጊታር ሣጥኑን አያለሁ።

ስምንት ዓመቴ ላይ ጊታር ካልተገዛልኝ ብዬ ያለቀስኩት በታክሲው ሬዲዮ ምክንያት ነው። ትምህርት ቤት ጥቁሮቹም ነጮቹም ይሄ ያንቺ ሙዚቃ አይደለም ይሉኝ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ደግሞ ይቺን ልጅ ምን ነካት ይላሉ። ለሁሉም አንድ መልስ ነበረኝ፤ የአባቴ ሙዚቃ ነው። ሌላ መልስ አላዘጋጀሁም።

«አባዬ፣ ትወደዋለህ ወይስ አትወደውም? አንዱን ንገረኝ።»

«እኔ እንጃ። ሬዲዮኑ ሲዘፍን እኔ ስፖኪዮ ነው የማየው። ሠላሳ ዓመት ከፍቼዋለሁ እንጂ ሰምቼው አላውቅም።»

ዊልሸር ጎዳና ላይ ቀይ መብራት ይይዘናል። እዚያ ወዳለው ሙዚየም የሚሄዱ ሰዎች ከፊታችን ይሻገራሉ። ሌላ ዘፈን ገብቷል። አባቴ ሊዘጋው እጁን ሲዘረጋ ዘፋኙ ዝም ይልና ጊታሩ ብቻውን ይቀራል። የአባቴ እጅ እዚያው ትቆማለች።

ይሄን ትችይዋለሽ ብሎ ይጠይቀኛል። እችለዋለሁ፤ አሥራ ሁለት ዓመቴ ላይ፣ በሬን ዘግቼ፣ ክረምቱን ሙሉ ነው የተማርኩት። ይህን ስነግረው ራሱን ይነቀንቃል። ከዚያ ስፖኪዮውን በመዳፉ ገፋ አድርጎ ወደ ጣሪያው ያዞረዋል፤ የሬዲዮኑንም ድምፅ ይጨምራል።

አረንጓዴ ይበራል። አንዱ ከኋላ ክላክስ ያደርጋል፣ ከዚያ ሌላው። በሕይወቱ መንገድ ዘግቶ የማያውቀው አባቴ እጁን በመስኮቱ አውጥቶ፣ መዳፉን ዘርግቶ፣ ቆዩ ይላቸዋል።